ስክሪን ሪደሩ ማስታወቂያው ላይ ሲደርስ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ድረ ገጽ ስጠግን ደጋግሞ የሚገጥመኝን ነው የምጽፈው። አልት (በኮዱ ውስጥ ሥዕልን በቃል የሚገልጸው ጽሑፍ) ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኤንቪዲኤም (በኮምፒውተር ላይ ያለውን ለዓይነ ስውር በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር) ጭናችኋል ብዬ ልነሳ። ነጻ ስለሆነ ያልጫነ ሰው ምክንያት የለውም።

ሪደሩ የፋይል ስም ወይም ቁጥር ከቆጠረ፦ አልት የለም፤ ጻፉ። የፍለጋ ምልክቱ «ማጉያ መነጽር» ከተባለ፦ «ፈልግ» በሉት፤ ሰው የሚፈልገው ሥራውን እንጂ መልኩን አይደለም። የጥለት ጌጥ ከሆነ አልቱን ባዶ ተዉት፤ ከኮዱ ግን አታጥፉት።

ርዕሱን አንብቦ ማስታወቂያው ላይ ዝም ካለ፦ ጽሑፉ ፎቶ ነው። ከአሥር ጥገና ሰባት ስምንቱ ይኸው ነው። አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተመራቂ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ክፍት የሥራ ቦታ ሲፈልግ አየሁት። ርዕሱን ሰማ፤ ቀጥሎ «ግራፊክ»፤ ቀጥሎ የገጹ ግርጌ። ወደ ላይ ተመለሰ፤ አሁንም «ግራፊክ»። የሥራ ልምዱ፣ ደመወዙ፣ የምዝገባው ቀን፣ ሁሉም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ተነሥቶ የተጫነ ፎቶ ውስጥ ነበር። አነበብኩለት። ምዝገባው ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ያ ደብዳቤ እኮ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ተጽፏል! ፋይሉን ከጻፈው ሰው ተቀበሉና ጽሑፉን ገጹ ላይ ለጥፉ። ማኅተሙ መታየት ካለበት ፎቶው ከሥር ይቀመጥ፤ አልቱም «ማኅተም ያለበት የማስታወቂያው ቅጂ፤ ሙሉ ጽሑፉ ከላይ አለ» ይበል። ደብዳቤውን በሙሉ አልት ውስጥ አትጠቅጥቁት፤ አልት አንቀጽም ሠንጠረዥም አይዝም።

ተጠንቀቁ፦ ፋይሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ፣ ለእናንተ አማርኛ የሚመስለው ለሪደሩ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። እንደገና ይተየብ። የገጹ ቋንቋም በኮዱ አማርኛ ተብሎ ይገለጽ።

ሌላም ተጠንቀቁ፦ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ አልቱን ሚዲያ ላይብረሪ (የሥዕል ማከማቻው) ውስጥ ብታርሙት፣ ቀድሞ ገጽ ላይ የገባው ሥዕል አይታረምም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አርሜ፣ አመሻሽ ላይ ስፈትሸው ገጹ እንዳለ ነበር።

የጢስ አባይ ፎቶ ላይ «ባሕር ዳር ርካሽ ሆቴል ጉብኝት» ብሎ የፍለጋ ቃል መደርደር አልት አይደለም። «ጢስ አባይ በክረምት፣ ደፍርሶ ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ» በሉ፤ የሚሰማው ሰውም ይየው።

ስትጨርሱ የኮምፒውተሩን ስክሪን አጥፉና በጂ (G) ቁልፍ ከሥዕል ወደ ሥዕል ዝለሉ። ከዚያ የምዝገባውን ቀን ፈልጉ። በጆሮ ብቻ ካላገኛችሁት ገና አልተጠገነም።