መዝገቡ እያለ «የለም» ሲል፦ የፍርድ ቤት መዝገቦች ወደ ንባብ ዳታቤዝ ሲዛወሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

መዝገብ የሚከፈትበት ዋናው ዳታቤዝ እንዳለ ሆኖ ለፍለጋና ለንባብ ብቻ የተደራጀ ሁለተኛ ዳታቤዝ ሲጨመር መዝገብ ቤቱ ፍጥነት ያገኛል። ከታች ያሉት ችግሮች ከዚያ በኋላ የሚመጡ፣ በጎንደርና በዙሪያዋ እየተጠራሁ ደጋግሜ ያስተካከልኋቸው ናቸው። መጠባበቂያ ቅጂ መያዙንና የመዝገቦቹ ብዛት በሁለቱም በኩል መመሳሰሉን አንባቢ አስቀድሞ እንዳረጋገጠ እቆጥራለሁ።

አዲስ የተከፈተ መዝገብ በፍለጋ አይወጣም

የንባብ ቅጂው ከዋናው በሰከንዶች፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው። ሠራተኛው አልተመዘገበም ብሎ ዳግመኛ ሲከፍተው አንድ ክስ ሁለት ቁጥር ይይዛል። መዝገቡን የከፈተው ሰው ወዲያው የሚያየው ገጽ ከዋናው ዳታቤዝ እንዲያነብ ማድረግና በፍለጋ ገጹ ላይ መረጃው የታደሰበትን ሰዓት ማሳየት ይበቃል።

ፍለጋው በየጊዜው ለሁሉም ሰው ቀጥ ይላል

ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ማቴሪያላይዝድ ቪው (የፍለጋ ውጤት አስቀድሞ ተሰልቶ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) በሚታደስበት ጊዜ አንባቢዎችን ያግዳል። መፍትሔው ዩኒክ ኢንዴክስ (እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ ማውጫ) ሠርቶ እድሳቱን በኮንከረንትሊ፣ ማለትም አንባቢዎችን ሳያግድ እንዲካሄድ፣ ማዘዝ ነው።

በመዝገብ ቁጥር ይገኛል፣ በስም ሲፈለግ ግን «የለም» ይላል

ከተጠራሁባቸው ጊዜያት አብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ኃይሉ የሚለው ስም በአንዱ መዝገብ ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ፣ በሦስተኛው ሐይሉ ተብሎ ተጽፏል፤ ዓለሙም አለሙ፣ ፀሐይም ጸሀይ ሆኖ ይገኛል። የከተማችን ስም ራሱ በአንድ የይዞታ ክርክር ውስጥ በአቤቱታው ጎንደር፣ በውሳኔው ጐንደር ተብሎ ተጽፎ አግኝቻለሁ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው ኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ያደርጋቸዋል። የቀድሞው መተግበሪያ ልዩነቱን በፍለጋ ኮዱ ውስጥ ያስታርቅ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ ዝውውሩን የሠራው ሰው መረጃውን ብቻ ሲያሻግር የማስታረቁ ሥራ ከአሮጌው ኮድ ጋር ተጥሎ ቀረ።

ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። አንዲት እናት የውርስ ክርክራቸውን ውሳኔ ግልባጭ ለመውሰድ ከቆላ ድባ በማለዳ መኪና እየመጡ ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ ሦስቱንም ቀን «እናቴ፣ በስምዎ የተመዘገበ የለም» ተባሉ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይግባኝ የሚቀርበው ውሳኔው በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነውና እነዚያ ቀናት የተቀነሱት ከእሳቸው መብት ላይ ነበር። መዝገቡ በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ነበር፤ የአባታቸው ስም በኀ ተጽፎ ሳለ ያስተናገዳቸው ወጣት በሀ ስለፈለገው ብቻ ነው ያልተገኘው።

መፍትሔው ከስሙ ዓምድ አጠገብ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። ከ12ኛው ቅጂ ጀምሮ ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ዓምድ ከዋናው ስም እያሰላ ራሱ ይሞላዋል፤ ፊደል በፊደል የሚተካው ትራንስሌት የተባለው ፈንክሽንም ለዚህ ይበቃል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ይለወጣሉ፤ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ይጠቀለላሉ። ተጠቃሚው የሚጽፈው የፍለጋ ቃልም በዚያው ፈንክሽን ማለፍ አለበት።

ተስተካክሏል ከተባለ በኋላ ዳግመኛ የምጠራበት ስሕተት ደግሞ አለ። ግእዙን ወደ ግእዝ፣ ራብዑን ወደ ራብዕ ብቻ የለወጠ ሰው ኃይሉን ሃይሉ ያደርገዋል፤ ሀይሉ ግን እንዳለ ስለሚቀር ሁለቱ አሁንም አይገናኙም። በአማርኛ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በእነዚህ ረድፎች ራብዑም ወደ ግእዙ መጠቅለል አለበት።

በእዝባር ያጠሩ ስሞች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ገ/መድኅን ገብረመድኅን መሆኑ ግልጽ ነው፤ ወ/ማርያም ግን ወልደማርያምም ወለተማርያምም ሊሆን ይችላል፣ ተ/ የሚለውም ተክለ ወይም ተስፋ ነው። አንዱን መርጦ መተርጎም የሰውን ማንነት መገመት ስለሆነ አማራጮቹ ሁሉ በፍለጋ ኢንዴክሱ ውስጥ ይግቡ።

በዋናው ዳታቤዝ ያለውን ስም ፈጽሞ አትንኩ። አንድ ባለሙያ ስሞቹን ሁሉ «አስተካክላለሁ» ብሎ በአንድ ትእዛዝ ወደ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ለወጣቸው፤ ከዚያ በኋላ የታተሙት የውሳኔ ግልባጮች ከባለጉዳዮቹ መታወቂያ ጋር ሳይገጥሙ ቀሩ። የቀድሞውን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስነው፤ በመካከል የተከፈቱትን ግን ከወረቀት ፋይሉ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ሆነ። ባለጉዳዩ ስሙን የጻፈበት ፊደል የእሱ ነው፤ በእኛ ምቾት አይለወጥም።

ከፊል ስም ሲፈለግ ምንም የማይወጣ ከሆነ ዳታቤዙ ሲ (C) በተባለው ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ደንብ ቅንብር) ተፈጥሮ ይሆናል፤ በዚያ ሎኬል ትራይግራም (ቃልን በሦስት በሦስት ፊደል እየከፈለ የሚፈልገው ዘዴ) የግእዝ ፊደላትን እንደ ፊደል ላይቆጥራቸው ይችላል።

የቀጠሮ ቀን ያላቸው ጥቂት መዝገቦች አይገቡም

በጽሑፍ ዓይነት ተቀምጦ የነበረ የኢትዮጵያ ቀን ወደ ቀን ዓምድ ሲገባ ዳታቤዙ የወሩን ቁጥር እንደ ፈረንጅ ወር ያነበዋል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር በመሆኗ፣ ሁለተኛው ወር ጥቅምት 30ም ፌብሩዋሪ 30 ተብሎ ስለሚነበብና እንዲህ ያለ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሌለ፣ መዝገቦቹ ይመለሳሉ። የሚያስፈራኝ ያልተመለሰው ነው፤ መስከረም 1 ያለ አንዳች ስሕተት ጃንዋሪ 1 ሆኖ ይገባል፣ ቀጠሮውም ወራት ይዛነፋል። ሁሉንም በትክክል ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለውጦ ማስገባት፣ የቀድሞውን ጽሑፍም አብሮ ማቆየት ያስፈልጋል።

የዋናው ሰርቨር ዲስክ ሞላ

መብራት ጠፍቶ የንባብ ሰርቨሩ ለቀናት ከቆመ ዋናው ያልደረሱትን ለውጦች በሪፕሊኬሽን ስሎት (ቅጂው የትኛውን ለውጥ እንደተቀበለ በሚከታተለው መዝገብ) አማካይነት እያጠራቀመ ይጠብቀዋል። ፖስትግሬስ ከ13ኛው ቅጂ ጀምሮ ለዚህ ክምችት ጣሪያ ማበጀት ስለሚፈቅድ ጣሪያውን ወስኑ፤ ጣሪያው ካለፈ የንባብ ቅጂው እንደገና ይሠራል፣ መዝገብ መክፈት ግን አይቆምም።