ሳይበደሩ ማግባት፦ ከቀለበት እስከ መልስ በድሬዳዋ

እኔና ባለቤቴ ለሠርጋችን መጀመሪያ የገዛነው ነገር አንድ ደብተር ነው። ብድር ውስጥ ገብተው ያገቡ ጓደኞቻችን ዕዳውን ሲከፍሉ አይተን ስለነበር ፈርተናል። የሠራልንን በየተራ ልንገራችሁ።

1. ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። እየራሳችሁ ከሠርጉ ቀን የምትፈልጉትን ሦስት ነገር ጻፉና ተለዋወጡ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት "የአያቴ ምርቃት" የሚል ነበር። እሱ ደግሞ "እንግዳ ጠግቦ ይብላ" አለ። ሊሙዚን ከሁለታችንም ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ቀረ። ብሩ መጀመሪያ ወደጻፋችሁት ይሂድ።

2. የእንግዳውን ቁጥር ወስኑ። ትልቁ ወጪ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው በጨመራችሁ ቁጥር ወንበሩ፣ ወጡ፣ መጠጡ አብሮ ይጨምራል። እናቴ ስም ስትጠራ እኔ እጽፍ ነበር፤ አራት ገጽ ሞላ። ከዚያ በእያንዳንዱ ስም ላይ "ባለፈው ዓመት ቤቱ ሄደናል? ወይስ እሱ መጥቷል?" ብለን ጠየቅን። ሁለቱም ካልሆነ ስሙ ይሰረዛል። እማዬ ተቆጣች። "አቦ! ሰፈሩ ምን ይለኛል?" አለች። እውነቷን ነው፤ እሷ የምትኖረው ከሰፈሩ ጋር ነው። በዝምታ ሰርዛችሁ አትለፉ፤ ለወላጅ ሌላ መንገድ አዘጋጁለት። እኛ ከሠርጉ በኋላ ባለው እሑድ ጎረቤቱን ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ቡና ጠራን። እማዬ ራሷ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ቆሎና ፈንዲሻ ነበር። ሰው ተጨዋውቶ፣ መርቆን ሄደ። የመልሱን ድግስም ከዚሁ ጋር አንድ ላይ አደረግነው።

3. ቀለበቱን ቁርስ ላይ እሰሩ። አዳራሽ ተከራይቶ እራት ማብላት ሁለተኛ ሠርግ መደገስ ነው። እኛ የሁለቱን ወገን የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ቤት ጠራን። ከመጋላ ሰፈር ፈቲራ የሚባለውን ስስ ቂጣ አዘዝን፤ እንቁላል ያለው፣ ማር የፈሰሰበት። ሻይ እናቴ አፈላች። ማሩ ከጣቴ ሳይለቅ ቀለበቱ ገባ። የባለቤቴ አባት ይህቺን ነገር እስካሁን ያነሳታል።

4. ቀኑን በደንብ አስቡበት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ድሬ በእንግዳ ትሞላለች፤ አልጋም መኪናም ይወደዳል። ጥርን ሁሉም ይሻማበታል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ሙቀቱ እንግዳ አያስቀምጥም። እኛ ጥቅምትን መረጥን፤ ያውም በሥራ ቀን። ድግሱን ከ11 ሰዓት በኋላ ስለጀመርን ጥላ አላስፈለገንም፤ የድንኳን ኪራይ ቀረልን። ድስት፣ ሳህንና ወንበር ከዕድራችን ወሰድን። ዕድራችሁ ለሠርግ ያውስ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ለአንድ ቀን ቬሎ አትከራዩ። እኔ የሸማ ቀሚስ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ጥምቀትም ፋሲካም ለብሼዋለሁ።

6. ሕጋዊውን ነገር አትርሱ። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሁለታችሁም 18 ዓመት እንዲሞላችሁ ይጠይቃል። በክብር መዝገብ ለመጋባት በየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ለዚህ ድግስ አያስፈልግም።

7. ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ። ለእኛ የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው። የሽንኩርቷን ሳይቀር በዚያው ደብተር ጻፈ። ሠርጉ ባለፈ ማግስት ቁጭ ብለን ደመርን። አያቴ መርቃናለች፣ እንግዳው ጠግቧል፣ ዕዳ የለብንም። በተረፈችው ብር ቬንትሌተር ገዛን።