ያለ ክስ የታሰረ ሰው እንዲፈታ ለመወትወት፦ መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ሰው ሲታሰር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናነሳው ስልካችንን ነው። ፎቶው ይለጠፋል፣ «ይፈታ!» ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ ደብተር ግዙ ባይ ነኝ።

1. የተያዘበትን ሁኔታ በዚያው ቀን ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ? የደንብ ልብስ ለብሰው ነበር ወይስ ሲቪል? የፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳዩ? ማን አየ? ሳምንት ካለፈ ሁሉም የየራሱን ሰዓት ነው የሚናገረው።

2. የት እንዳለ አረጋግጡ። ይህ እንግዲህ ስንቅ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ መዞር ነው። ጠባቂው ስሙን ጠይቆ ሳህኑን ከተቀበላችሁ፣ ሰውዬው እዚያ አለ። ባዶ ሳህን ከተመለሰ እሰየው። ሽሮው እንዳለ ከነፌስታሉ ከተመለሰ ግን ወይ አዛውረውታል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ አልበላም ብሏል። ዝም ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። «ለምን ተመለሰ?» በሉ፤ የተባላችሁትን ከነሰዓቱ መዝግቡ።

3. ሰዓት ቁጠሩ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ሲቀርብ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውዬውን አስሮ የሚመረምርበት ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በየቀጠሮው ችሎት ግቡ። የመዝገብ ቁጥሩንና የፖሊስን ምክንያት ጻፉ። ሦስት ጊዜ ያው «ምስክር ይቀረኛል» ከተባለ፣ ከየትኛውም መፈክር የበለጠ የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።

ጭራሽ ካልቀረበ ወይም ፍርድ ቤት «ልቀቁ» ብሎ ካልተለቀቀ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ ታገኙታላችሁ። እሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል። በቃለ መሐላ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚመሰክር ይገለጻል። ደብተሩን ያስገዛኋችሁ ለዚህ ነው።

4. ደብዳቤ አስገቡ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ)፣ ለእንባ ጠባቂ ተቋም። ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ሳታስመቱ አትውጡ። ጄኔቫ ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ አምስት ባለሙያዎች ያሉት የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን አለ። ቤተሰብ ራሱ ሊጽፍለት ይችላል፤ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት እስኪያልቅም አይጠብቅም።

5. አሁን ጩኹ። ግን የታሰረውን ሰው አስፈቅዱ፤ ካልተቻለ ጠበቃውንና የቅርብ ቤተሰቡን። ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «ክስ ይመሥረት፣ ካልሆነ ይፈታ»። ስንት ቀን እንደታሰረ ከላይ አድርጉ፤ ፖለቲካውን ለሌላ ቀን። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ለአካባቢው የኮንግረስ አባል ቢሮ መጻፍ ይችላል፤ ቀንና መዝገብ ቁጥር ያለበት አንድ ገጽ ላኩለት። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ልግባ የሚል የአጎት ልጅም አይጠፋም። ማክሰኞ ቀጠሮ ካለ፣ እስከ ማክሰኞ ታገስ በሉት።