ሙዙ ፍሪጅ ገብቶም የማይለቁ ትንንሽ ዝንቦች፦ ችግርና መፍትሄ

ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆኑ፣ ዓይናቸው ቀላ ያለ ዝንቦች ኩሽና ውስጥ ካያችሁ የፍራፍሬ ዝንቦች ናቸው። ፍሬ ላይ ያርፋሉ እንጂ ዋናው ምግባቸው እርሾ ነው። የበሰለ ሙዝ ላይ እርሾ ሲራባ የሚወጣው የአልኮልና የአቼቶ ሽታ ነው የሚጠራቸው። ትሎቻቸውም ያንኑ እርሾ በልተው ያድጋሉ። ስለዚህ የሚብላላ ነገር ፈልጉ።

ችግር፦ ፍራፍሬ የለም፣ ዝንቡ ግን አለ

ምክንያት፦ ሌላ ቦታ የሚብላላ ነገር አለ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲንኩን ነው። ቀጥሎ ያልታጠበ የቢራ ጠርሙስ፣ እርጥብ መወልወያ፣ ጆንያ ስር የበሰበሰች አንዲት ሽንኩርት።

መፍትሄ፦ ማታ የሲንኩን ቀዳዳ በፕላስተር ግማሹን ሸፍኑ፣ የሚጣበቀው ፊት ወደ ታች ይሁን። ጠዋት ዝንብ ተለጥፎበት ካገኛችሁ መፈልፈያቸው እዚያ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ብቻውን ብዙ አያዋጣም። ውስጡ የተለጠፈውን ዝልግልግ ነገር በብሩሽ ፈግፍጉት፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ ልቀቁበት።

ችግር፦ አቼቶ አስቀመጥኩ፣ አንድም አልገባ

ምክንያት፦ ቀለል ያለ የአቼቶ ሽታ ይስባቸዋል፣ ሲበረታ ግን ይሸሹታል። ነጩ አቼቶ ደግሞ የፍሬና የእርሾ ጠረን የለውም። አጠገቡ የማንጎ ልጣጭ ከተጣለማ ማን ወጥመድ ይገባል?

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ልጣጩን አውጡ። ብርጭቆ ውስጥ የጠቆረ ሙዝ ቁራጭ፣ ትንሽ ውሃ፣ ቁንጥር እርሾና አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉ። ሳሙናው ውሃው ላይ መቆም ስለሚከለክላት ዝንቧ ትሰምጣለች።

ችግር፦ ጠፍተው በሳምንቱ ተመለሱ

ምክንያት፦ የገደላችሁት ትልልቆቹን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ይሆናል። ያደገው ትል ከእርጥቡ ምግብ ወጥቶ ደረቅ ቦታ ይለጠፋል። የቆሻሻ ባልዲውን ክዳን ገልብጡና ጠርዙን እዩ፤ ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሰ ቡናማ ቅርፊት ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ቀጣዩ ዝንብ የሚወጣው ከዚያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ትሎቹ ሁሉ አመጋገባቸው አንድ አይደለም። ማርላ ሶኮሎውስኪ የተባለች ካናዳዊት ተመራማሪ በ1980 ባወጣችው ጥናት አንዳንዶቹ ምግቡ ላይ እየዞሩ፣ ሌሎቹ እዚያው ተቀምጠው እንደሚበሉ አሳይታለች። ልዩነቱ የሚመጣው ከአንድ ጂን ነው። ለባልዲያችን ግን ዞረም ተቀመጠም ያው ነው።

መፍትሄ፦ ጠርዙን ፈግፍጋችሁ እጠቡ። ቆሻሻውን ማታ ማታ ድፉ። ወጥመዱን ሁለት ሳምንት አታንሱት።

ችግር፦ ጠላውና ሊጡ ላይ ይሰፍራሉ

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ዋናው እርሾ ያለው እዚያ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ችላ አትበሉ፤ ጠላውን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ይዘው ይመጣሉ።

ችግር፦ ወጥመዱን ዞር ብለው አያዩትም

ክንፋቸው ጸጉራም ከሆነና የእሳት ራት ከመሰሉ የፍሳሽ ቱቦ ዝንቦች ናቸው፤ አቼቶውን ትታችሁ ቱቦውን አጽዱ። ቀጭንና ጥቁር ሆነው የአበባ ማሰሮ ዙሪያ ከሆኑ ደግሞ አፈሩ ላዩ እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ።