አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፦ ስለ ፍልፈል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ዳር ላይ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ እንሰቱ በሚጀምርበት ሰፈር፣ ጠዋት ጓሮው ገብቶ ትኩስ የአፈር ቁልል ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «መጣ ደግሞ!» እኔም ብዬዋለሁ። ውሃ አፍስሻለሁ፣ ጭስ አጭሻለሁ፣ ጎረቤት የመከረኝን ሁሉ ሞክሬአለሁ። የብዙው ጥፋቴ ምንጭ ዶማ አያያዜ አልነበረም። እንስሳውን አለማወቄ ነበር።

ስልክ ላይ ያዩትን ፍልፈል ከጓሮዎ ፍልፈል ጋር ማምታታት

ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። «አጎቴ፣ ንግሥት አለችው እኮ! ሠላሳ ዓመት ይኖራል! ካንሰር አይዘውም!» ያሳየኝ ፀጉር የሌለው፣ የተሸበሸበ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የተገተረ ሮዝ ፍጥረት ነበር። እኔም አምኜ አንድ ሳምንት ሙሉ ንግሥቲቱን ፍለጋ ቆፈርኩ። ንግሥት ግን አልነበረችም፤ ልትኖርም አትችልም።

ያ እንስሳ ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው። የሚኖረው በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ቆላ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1842 ነበር። ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ ነው። ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳየችው፣ እንደ ንብ መንጋ አንዲት ወላድ ንግሥት አለችው፤ ሌሎቹ ይቆፍራሉ፣ ይመግባሉ፣ ይጠብቃሉ። አንድ መንጋ በአማካይ ከ70 እስከ 80 አባላት አሉት፣ አንዳንዴም እስከ 300 ይደርሳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ መኖሩም እውነት ነው። ካንሰር ግን «አይዘውም» ሳይሆን እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚታይበት።

የእኛ ጓሮ ፍልፈል ሌላ ነው። ለስላሳ ጥቁር ቡናማ ፀጉር አለው፤ ሁለት መቶ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የሚኖረውም ብቻውን ነው። ወንድና ሴት የሚገናኙት ለመራባት ብቻ ነው።

ዝምድናቸውስ? ሁለቱም የአይጥ ወገን ናቸው፣ ግን በሩቁ። ፀጉር አልባው ለጃርት ይቀርባል፤ የእኛው ደግሞ ለተራዋ የቤት አይጥ። የቅርብ ዘመዶቹ ያሉት በእስያ የቀርከሃ ጫካ ነው። ወገኑ እዚህ አገር እንግዳ እንዳይመስልዎ፤ በመካከለኛው አዋሽ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የፍልፈል ቅሪተ አካል ተገኝቷል። እዚያው የተገኘችው የጥንት ሰው መሰል ቅሪት፣ አርዲ ራሷ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ፍልፈሉ ቀድሟት ይቆፍር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ከተራራቁ ለምን ይመሳሰላሉ? ዶማ የያዘ መዳፍ ሁሉ ይሻክራል፤ መዳፉ ስለተመሳሰለ ግን ሰው አይዛመድም። መሬት ውስጥ ለሚኖር እንስሳ ድብልብል ሰውነት፣ አጭር ጭራ፣ ትንሽ ጆሮ ይጠቅማል። ጥርሱም ከከንፈር ውጭ ሲሆን ይመቸዋል፦ ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ስለሚገጥም አፈር ሳይጎርስ በጥርሱ ይቆፍራል። ይህ ቅርፅ በተለያየ ዘር፣ በተለያየ ዘመን፣ ደጋግሞ ለየብቻ ተፈጥሯል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ሽኮኮ የአይጥ ወገን አይደለም፣ ለዝሆን ይቀርባል። ጥንቸልም አይደለችም። አዋልደጌሳም ጎበዝ ቆፋሪ ቢሆን ከአይጥ ጋር አይገናኝም።

«ዕውር ነው» ማለት

የእኛ ፍልፈል ዓይን አለው። ትንሽ ነው፣ ግን የተከፈተ ነው። ዓይኑ በቆዳ የተሸፈነው በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው ሌላው ዘመዱ ነው። እሱም ቢሆን ብርሃንና ጨለማን ይለያል፤ በዚያ የቀኑን ርዝመት ይለካል።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል። «ስላልተጠቀመበት ጠፋ» ይባላል፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ እኔም ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። የአባት ዓይን መስነፍ ለልጅ አይተላለፍም። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ጨለማ ውስጥ ለሚኖር እንስሳ፣ የማየት ችሎታን የሚያበላሽ የዘር ለውጥ ባለቤቱን አይጎዳውም፣ ስለዚህ ከትውልድ ትውልድ ይጠራቀማል። አፈር የሚገባበት ትልቅ ዓይን ደግሞ ጣጣ ነው። ቀንን ከሌሊት የሚለየው ክፍል ግን ጥቅም ስላለው ሳይነካ ቀረ።

ቁልል ቆጥሮ ፍልፈል መቁጠር

አሥር ቁልል አሥር ፍልፈል አይደለም። የአንዱ የውስጥ መንገድ ብዙ አሥር ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ መኝታ፣ የምግብ ማከማቻና መጸዳጃ ቦታ አለው። ቁልሉ ከመንገዱ የወጣ ትርፍ አፈር ነው።

ከዝናብ በኋላ ቁልል ሲበዛም ተራብተው አይደለም። በአሜሪካ ጎፈር በሚባል ቆፋሪ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው፣ አንድ ሜትር መቆፈር ያንኑ ርቀት መሬት ላይ ከመሄድ ከ360 እስከ 3,400 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ያህል ወጪ ያለበት ሠራተኛ አፈሩ እስኪረጥብ ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል?

ውሃና በርበሬ

አራት ጀሪካን ውሃ በአንድ ቀዳዳ አፍስሼ ያተረፍኩት የወገብ ሕመም ነው። የሐዋሳ አፈር ብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ልል አፈር ስለሆነ ውሃውን ይውጠዋል። ጎረቤቴ ጋሼ ደግሞ በርበሬ አጭሰው፣ እሳቸው ሲያስነጥሱ ፍልፈሉ ማዶ ሲቆፍር አደረ።

ፍልፈል መንገዱ ሲከፈትበት መጥቶ በአፈር ይደፍነዋል። በታፈነ አየር መኖርም የቆፋሪዎች የቆየ ልማድ ነው። በሰሜን እስራኤል በዚያ ዓይኑ በተሸፈነው ፍልፈል ጎሬ ከከባድ ዝናብ በኋላ በተለካ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር፤ እኛ የምንተነፍሰው 21 በመቶ ገደማ ነው። ፀጉር አልባውማ እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገ ሙከራ ያለ ምንም ኦክስጅን 18 ደቂቃ ቆይቶ ተርፏል።

ያችው የመድፈን ልማዱ ናት የምታስይዘው። ትኩስ መንገድ ከፍተው፣ የሽቦ ወጥመድ ከጎበጠ ዘንግ ጋር አስረው ይተዉለት። ሊደፍን ይመጣል።

የእንሰቱን ጥፋት ሁሉ ለፍልፈል መስጠት

ፍልፈል እንሰት፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ ይወዳል፣ ልክደው አልችልም። የሚመጣው ግን ከሥር ነው፤ ላዩ ደህና የመሰለ ተክል በድንገት ይዘማል፣ ሲነቅሉት ሥሩ ተበልቷል። ከውጭ ወደ ውስጥ የተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ካዩ፣ አጠገቡም እሾህ ከወደቀ፣ የሌሊቱ ሌባ ጃርት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከጠወለገና ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ካወጣ ደግሞ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀ ነው። ወጥመድ አያድነውም። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላውን በእሳት ማጽዳት ይሻላል፤ ባልጸዳ ቢላ ተክል እየቆረጥን በሽታውን ጎረቤት ድረስ የምናደርሰው እኛው ነን።

መርዝ

መርዝ የበላ አይጥ የጉጉትና የድመት ራት ይሆናል፤ ጉጉት ካለቀች አይጡን ማን ይይዝልዎታል? ፍልፈል የሌለበት ቦታ ሁሉ ጤነኛ ቦታ ነው ማለትም ስህተት ነው።

ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አድርገው፣ ጎባን አልፈው የባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ ላይ ከወጡ ይህን በዓይንዎ ያዩታል። በዓለም ላይ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል እዚያ ነው፤ እስከ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ዓይኑ ከአናቱ ላይ ነው፤ ግማሽ አካሉን ብቻ ብቅ አድርጎ ሣር ይነጭና ይገባል። አጠገቡ ነፍሳት የምትለቅም ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም። አደጋ አይታ ስትጮህ እሱም ይሰማል፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ የሚለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀዳዳው ዳር ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ከ500 አይበልጡም፤ የባሌዎቹ ዋና ምግብ እነዚህ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸው። የሚገለበጠው አፈርም አየርና ውሃ ያስገባል፣ ቁልሉ ላይ የሚበቅለው ሣር ከአካባቢው ይለያል።

ጓሮዬ ውስጥ ይህን እያሰብኩ ስኳር ድንቼን አሳልፌ አልሰጥም። በዚህ ሳምንት ሰባት ቁልል አለኝ፣ ማለትም ምናልባት አንድ ፍልፈል። ትናንት ማታ ትኩሱን መንገድ ከፍቼ ሽቦዬን አስሬ ገባሁ። ጠዋት ስሄድ ቀዳዳው ከነሽቦው ተደፍኖ ጠበቀኝ።