ተማሪ በትምህርት ሰዓት ድንገት ሲታመም ሐኪም እስኪገኝ ምን ይደረግ?

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ነርስ የለም፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ድንገት ሲወድቅ ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ቀድሞ የሚደርስለት የሒሳብ መምህሩ፣ የክፍል አለቃው ወይም የበር ጥበቃው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት፣ የታመመ ተማሪ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የጎዳው ሊረዳው የተጣደፈ እጅ ነው፤ በመሆኑም ከሚደረገው ባላነሰ ስለማይደረገው እጽፋለሁ።

ሥራው የሚጀምረው መስከረም ላይ፣ በምዝገባ ወቅት ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይ «ተማሪው በሽታ አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ ወላጅ ሁሉ ማለት ይቻላል «የለበትም፣ ተመስገን» ብሎ ያልፋል፤ በሽታ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል፣ በተለይ የሴት ልጅ ወላጅ ነገ ስሟ እንዳይነሳ ይሰጋል። ጥያቄው ተበትኖ ሲቀርብ ግን መልስ ይገኛል። ልጁ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት አለ? በየወሩ የሚወጋው መርፌ አለ? ወድቆ ወይም ራሱን ስቶ ያውቃል? ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል? አንድ ነገር በልቶ ወይም መድኃኒት ወስዶ ፊቱ አብጦ ያውቃል? ይህንንም ሌላ ወላጅ በተሰለፈበት ፊት ሳይሆን ለብቻ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ከሁለት ስልክ ቁጥሮች ጋር በአንድ ደብተር ይሰፍራል፤ ገበያ የምትውል ወይም የቀን ሥራ ላይ ያለች እናት ስልኳን ላትሰማ ስለምትችል ሁለተኛው የጎረቤት ወይም የዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ደብተሩ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ የልጁ መምህራን የሚመለከታቸውን ያህል ይወቁ፤ መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይገኝ።

አሁን ወደ ድንገተኛው ሕመም እንግባ። ብዙ ስህተት የሚሠራበት የሚጥል በሽታ ስለሆነ እሱን ላስቀድም።

ከዓመታት በፊት፣ ሰኞ ከጠዋቱ 2፡10 ገደማ፣ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ሳለ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከሰልፉ መካከል ወደቀች። ሰውነቷ ገተር ብሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዱ እጆቿን ያዘ፣ ሌላው ከሻይ ክበብ ማንኪያ ይዞ ሮጠ፣ ጥበቃው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋ፤ እኔም ያኔ አላውቅም ነበርና እግሮቿን ተጭኜ ይዤ ነበር። ልጅቷ በአራት ደቂቃ ውስጥ በራሷ ጊዜ ተረጋጋች። ከእኛ «እርዳታ» የተረፋት የተሰነጠቀ የፊት ጥርስና ከአፍንጫዋ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል የቃጠሎ ምልክት ብቻ ነበር። ምልክቷን 8ኛ ክፍል ስትደርስም አየው ነበር።

ትክክለኛው አካሄድ ከዚያ ሁሉ ይቀልላል። መጀመሪያ ሰዓት ይታይ። በዙሪያው ያለ ወንበር፣ ድንጋይ ወይም ስለት ይነሳ፤ ከጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ሹራብ ወይም ነጠላ ይደረግ፤ የአንገት ቁልፍና ክራቫት ይላላ። እጅና እግሩን ይዞ ማስቆም አይቻልም፣ መሞከሩም መገጣጠሚያ ሊያወልቅ ይችላል። ምላሱን ይውጣል የሚባለው ከእውነት የራቀ ስለሆነ ማንኪያ፣ እርሳስ፣ ጣትም ሆነ ውኃ አፉ ውስጥ አይገባም። ክብሪቱ ምንም አያድንም፤ መንቀጥቀጡ በሚቆምበት ጊዜ ስለሚጫር ብቻ ያዳነ ይመስላል። ሕመሙ በለሃጭ አይተላለፍም፣ ስለዚህ ልጁን ለመንካት የሚያስፈራ ነገር የለም። መንቀጥቀጡ እንደቆመ፣ ከተቻለም ቀደም ብሎ፣ በጎኑ ይተኛና ለሃጩ ወደ ውጭ እንዲፈስ ይደረግ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃዎች ሊደናገርና ሊያንቀላፋ ይችላልና አንድ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሽንት ካመለጠው፣ ብዙ ጊዜም ያመልጣል፣ ጓደኞቹ ሳያዩት ጋቢ ወይም ጃኬት ጣል ይደረግበት፤ ልጆች መውደቃቸውን ረስተው ይህንን ግን አይረሱም።

መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ልጁ ሳይነቃ ከተደገመበት፣ ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። የታወቀ ሕመም ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ከተነሣ ለወላጅ ማሳወቅ ይበቃል። ወላጆች ልጃቸውን ጸበል ሲወስዱ መድኃኒቱን አቋርጠው ከሆነ ደግሞ በአክብሮት መንገር ያስፈልጋል፤ ጸበሉ ሳይቀር መድኃኒቱም ሊቀጥል ይችላል፣ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ግን ከቀድሞው የረዘመና የከፋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

አስም ያለበት ተማሪ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ማስተኛት ያባብስበታል። ሳልቡታሞሉን፣ በተለምዶ «ፓፍ» የምንለውን የሚነፋ መድኃኒት፣ ነቅንቆ አንድ ጊዜ ከነፋ በኋላ አራት ጊዜ እንዲተነፍስ ይደረግ፤ ይህም እስከ አራት ይደገም። አራት ደቂቃ ተጠብቆ ለውጥ ከሌለ እንደገና አራት ይነፋ፣ ከዚያም አምቡላንስ እየተጠራ ይቀጥል። ትንንሽ ልጆች መንፋቱንና መሳቡን ማቀናጀት ስለሚያቅታቸው መድኃኒቱ ምላሳቸው ላይ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ሲገጠምና ልጁ በፕላስቲኩ አፍ በኩል ሲተነፍስ ጥሩ ይሠራል። ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የተሳነው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የጎድን አጥንቶቹ መካከል እየሰረጎደ የሚተነፍስ ልጅ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይወሰድ። መድኃኒቱ ከተማሪው ቦርሳ መውጣት የለበትም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የተቆለፈ ፓፍ እንደሌለ ይቆጠራል። ሰሌዳ የሚጠርገውም ሌላ ተማሪ ይሁን፣ የጠመኔው ብናኝ ይቀሰቅስበታልና።

የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለወትሮው ከተነጫነጨ ወይም ጥያቄ ሲጠየቅ ከዘባረቀ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም፣ ሲሻለው ዳቦ ይብላ። ወርዶ ይሁን ጨምሮ መለየት ካልተቻለም ስኳሩ ይሰጥ፤ የጨመረውን ትንሽ ቢያባብስ ነው፣ የወረደውን ግን ያድናል። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም፤ በጎኑ ተኝቶ ወደ ሕክምና ይሂድ። እንዲህ ያለ ተማሪ በትምህርት መካከል ብስኩት ቢበላ ወይም ለሽንት ደጋግሞ ቢወጣ አይከልከል። በፈተና ሰዓትም ቢሆን።

ሰልፍ ላይ ራሱን የሚስት ልጅ ብዙ ጊዜ ቁርስ ያልበላ ነው። በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ይበሉ፣ ነፋስ ያግኝ፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል። ቀና ከማለቱ በፊት ውኃ ማጠጣትም ሆነ ደግፎ ማስቆም አይገባም። «ቁርስ በልተሻል?» የሚለው ጥያቄ በጆሮ እንጂ በሰልፉ ፊት አይጠየቅ፤ ምገባ ያለበት ትምህርት ቤትም ቁርሱን ከሰልፉ በፊት ቢያደርገው ግማሹ ችግር ይቃለላል። ሲሮጥ ወይም ኳስ ሲጫወት የሚወድቅ ልጅ ግን የተለየ ነው፤ ያ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ወደ ስፖርት አይመለስ። በየወሩ መርፌ የሚወጋ ተማሪ ስንል ብዙ ጊዜ ይህንኑ፣ ከጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ ልብን የሚጎዳውን ሕመም መከላከያ የሚወስደውን ማለታችን ነው፤ የመርፌው ቀን ቀሪ እንዳይባል የክፍል ኃላፊው ይወቅ።

የቀሩትን በአጭሩ እናንሣ። ነስር ሲመጣ ራስ ላይ ውኃ ማፍሰስና ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ለምደናል፤ ልጁ ወደ ፊት አዘንብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ለ10 ደቂቃ ሳይለቅ ይያዝ። የተቃጠለ ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይቆይ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ሊጥ አይነካው። የተሰበረ እጅ ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በማስመሪያ ተደግፎ ላላ ብሎ ይታሰር። ወደ ወጌሻ መውሰድ ለትምህርት ቤት የተገባ ውሳኔ አይደለም፤ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ከልክሎ እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ታጥቦ፣ ጭረት ብቻ ቢመስልም በዚያው ቀን ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ እየተጫወተም ቢሆን ለወላጁ ይነገር፤ ደጋግሞ ማስታወክ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍና መደናገር ከመጣ ሆስፒታል ነው።

አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቁጥር 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን 939 አለ። የመንገድ አድራሻ በሌለበት ከተማ «እገሌ ትምህርት ቤት» ማለት አይበቃም፤ የትኛው በር እንደሚከፈት፣ ከየትኛው አደባባይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በኩል እንደሚታጠፍ ይነገር፣ አንድ ሰውም አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ባጃጅም ይሁን የመምህር መኪና ይወሰድ፤ ልጁን የሚደግፍ አዋቂ አብሮ ይቀመጥ እንጂ ከጓደኞቹ ጋር ብቻ አይላክ።

ለወላጅ ሲደወል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። በእኛ አገር «ትንሽ አሟታልና ይምጡ» የሚለው ቃል መርዶ ሲሸፈን የሚነገር ስለሆነ፣ የሰማች እናት ነጠላዋን እንደታጠቀች እያለቀሰች ትደርሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ የልጁ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ቀጥሎ የሆነው ነገር፣ ከዚያ የሚጠበቀው ይነገር፦ «እትዬ፣ ልጅዎ አሁን ነቅታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ከ20 ደቂቃ በፊት ወድቃ ነበር፤ ጤና ጣቢያ እየወሰድናት ስለሆነ እዚያ ያግኙን፤ ይኸው ያነጋግሯት።» ልጅቷ መናገር የምትችል ከሆነ ድምጿ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ካልቻለች ግን አይዋሽ፤ ገና አልነቃችም ተብሎ የምትወሰድበት ሆስፒታል ይነገር።

ትምህርት ቤቱ ከራሱ መሳቢያ ለልጆች ኪኒን ማደል የለበትም። «ራሴን አመመኝ» ላለ ሁሉ የሚሰጥ ክኒን፣ ከዚያም አልፎ ከዓመት በፊት የተረፈ አሞክሳሲሊን፣ መድኃኒት የማይስማማው ልጅ ላይ የደረሰ ቀን ጉድ ያፈላል። ወላጅ ያመጣው መድኃኒት የልጁ ስምና የሐኪሙ ትእዛዝ ተጽፎበት፣ በሰዓቱ ሲሰጥም የሰጠው ሰው ፈርሞ ይሰጥ። በሳጥኑ ውስጥ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ በደረቅ ዕቃ የተቀመጠ ስኳርና አንድ ንጹሕ የንጽሕና መጠበቂያ ፓኬት ይኑር፤ ጓንት ያለቀ ቀን ደም ለመንካት ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል።

ሁሉም ሲያበቃ፣ የወደቀበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ የተደረገለትና የተደወለለት በደብተሩ ላይ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ ሐኪሙ «መንቀጥቀጡ ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብሎ ሲጠይቅ «በጣም ቆየ» የሚለው መልስ አይረዳውም። ልጁ ከመመለሱ በፊትም ለክፍሉ ተማሪዎች፣ እሱና ወላጆቹ በፈቀዱት ልክ፣ ሕመሙ እንደማይተላለፍና ቢደገም ማን ሰዓት እንደሚያይ፣ ማን ዩኒት ሊደሩን እንደሚጠራ ይነገራቸው። እኔ ባስተማርኩበት ክፍል ሰዓት የማየቱን ኃላፊነት የወሰደው ከሁሉም የሚረብሸው ልጅ ነበር፤ አንዲት የክፍሉ ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ «ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ ቲቸር» ብሎ በእጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈውን አሳየኝ።