በግብር ዕዳ ምክንያት ቤት ሲታገድ፦ የጎንደር ባለቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ብዙ ባለቤት ቤቱ በግብር ዕዳ መታገዱን የሚያውቀው እግዱ በተጻፈ ዕለት አይደለም። የሚያውቀው ቤቱን ሊሸጥ፣ ለባንክ ብድር ሊያስይዝ ወይም የወላጁን ይዞታ ወደ ራሱ ስም ሊያዛውር ክፍለ ከተማ በሄደ ጊዜ ነው። ፋይሉ ተከፍቶ «እግድ አለበት» ሲባል የሚደነግጠው ሰው መብቱን የሚያጣው በአብዛኛው በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኖ በሚወስዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ዕዳውን ትቶ ከእግዱ ጋር መከራከር ነው። አራዳም ሆነ ማራኪ፣ አዘዞም ሆነ ዞብል ክፍለ ከተማ፣ የይዞታ ፋይሉን የያዘው ጽሕፈት ቤት እግዱን የመዘገበው ግብር ሰብሳቢው በደብዳቤ ስለጠየቀው ነው። ዕዳው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መርምሮ የመወሰን ሥልጣን የለውም። እዚያ ሳምንታት እየተመላለሱ አቤት ማለት ቀን ከመፍጀት በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ከዚህ ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የእግዱ ደብዳቤ ቅጂ፣ ከነቁጥሩና ከነቀኑ። ዕዳው የየትኛው ዘመን እንደሆነና ከምን ዓይነት ግብር እንደመጣ የሚታወቀው ከእሱ ነው። «የቤት ግብር» ተብሎ በአንድ ስም ሲጠራ የሚሰማው ነገር በውስጡ ልዩ ልዩ ዕዳዎችን ይዟል። ሥሩ አዋጅ ቁጥር 80/1968 የሆነው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አንድ ነው፤ የሊዝ ውዝፍ ሌላ ነው፤ ከኪራይ ገቢ የሚከፈለው ግብር ደግሞ ሌላ። ባለቤቱ ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ ባለው ሱቁ የንግድ ግብር ሳይከፍል ቀርቶ መኖሪያ ቤቱ የሚታገድበት ጊዜም አለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በዚህ ላይ ሌላ ምዕራፍ ጨምሯል። ዕዳው የየትኛው እንደሆነ ሳይለይ የተጻፈ አቤቱታ የት መግባት እንዳለበት እንኳ አይታወቅም።

ሁለተኛው ስህተት ማስታወቂያን አልቀበልም ማለት ነው። ወረቀቱን ካልፈረምኩበት አልደረሰኝም የሚል እምነት በሰፈራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ስንቱን ቤት እንደጎዳ ሳስብ ያሳዝነኛል። ሕጉ ሰው አልቀበልም ሲል ወይም ሲጠፋ ማስታወቂያው በመኖሪያው ወይም በንግድ ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል፣ ይህም እንደ መድረስ ይቆጠራል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ጎንደር ውስጥ የኪራይ ገቢ ግብርን የመሳሰሉት የሚሰበሰቡት በክልሉ ሕግ ስለሆነ፣ ቀኑን በደረሰዎት ማስታወቂያና በክልሉ አዋጅ ላይ ማረጋገጥ ይገባል። ያም ሆነ ይህ የቀኑ ቆጠራ ለገናም ሆነ ለጥምቀት አይቆምም። በታኅሣሥ መጨረሻ የደረሰ ወረቀት «በዓሉ ይለፍና» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ከገባ፣ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ተመልሶ እንግዳው ሁሉ ሲሸኝ ቀኑ አልቆ ሊገኝ ይችላል። ጊዜው የሚያጥርበት በቂ ምክንያት ያለው ሰው፣ ቀኑ ከማለቁ በፊት ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

በቃል አቤት ብሎ መመለስም ከዚሁ ይቆጠራል። ኃላፊው በቅን ልቦና «እናየዋለን» ቢል እንኳ፣ በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ያላረፈበት ቅሬታ እንዳልቀረበ ነው።

ቅሬታው ሲጻፍ ደግሞ ሁሉንም በጅምላ መካድ ይበዛል። «የተጣለብኝ ግብር ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ይነሣልኝ» የሚል ማመልከቻ የልመና ደብዳቤ እንጂ ቅሬታ አይደለም። አዋጁ የሚጠይቀው ቅሬታ አቅራቢው የሚቃወምበትን ነጥብ፣ ውሳኔው እንዴት መስተካከል እንዳለበትና ምክንያቱን ለይቶ እንዲያስቀምጥ፣ የማይከራከርበትን የግብር ክፍል ደግሞ አስቀድሞ እንዲከፍል ነው። ለምሳሌ አራት ክፍል የሚያከራይ ሰው ሁለቱ ክፍሎች ለስድስት ወር ባዶ ሆነው ሳለ የዓመት ኪራይ ከተገመተበት፣ የሚከራከረው በእነዚያ ሁለት ክፍሎች የስድስት ወር ኪራይ ላይ ብቻ ነው። የቀረውን ከፍሎ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር ያያይዛል። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለበት ግብር ከፋዩ ስለሆነ፣ የኪራይ ውል፣ ተከራዩ የለቀቀበት ሰነድ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ሁሉ ዋጋ አላቸው። እናቶቻችን በሣጥን ውስጥ አጣጥፈው ያኖሩት የቆየ የግብር ደረሰኝ ስንት ጊዜ ቤት እንዳተረፈ የሚያውቅ ሰው ደረሰኝ አይጥልም።

ቅሬታው ውድቅ ሲሆን ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ያለ ዝግጅት ይግባኝ ይላሉ። በፌዴራሉ ሕግ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚቀርብ ይግባኝ ተቀባይነት የሚያገኘው በ30 ቀናት ውስጥ ሲቀርብና ክርክር ከተነሣበት ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው፤ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ መጠኑ 75 በመቶ ይደርሳል። ገንዘቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለቅሬታው በ180 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠም ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ይግባኝ ማለት ይቻላልና። ክርክሩ ሲጓተት ባልተከፈለው ላይ ወለድ እንደሚቆጠር አይዘንጋ። ዕዳውን አምኖ አቅም ያጣ ሰው ከመከራከር ይልቅ ግብሩን በጊዜ ከፋፍሎ ለመክፈል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በውርስ ቤት ላይ የሚሠራው ስህተት ለብቻው ይታያል። አባት ካረፉ ዓመታት ቢያልፉም ካርታው በስማቸው ስለሚቆይ ማስታወቂያው በሟች ስም ይመጣል፤ ልጆቹም «እኛን አይመለከትም» ብለው ይተዉታል። ይመለከታቸዋል። የሟች ዕዳ ከውርሱ ሀብት ላይ የሚፈለግ ስለሆነ፣ ከወንድምና እህቶች አንዱ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶና ከሌሎቹ ውክልና ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ቢከራከር ይበጃል። እያንዳንዱ ለየብቻው የተለያየ ነገር ሲናገር የሚጎዳው የጋራው ቤት ነው።

ከእግድ ለማምለጥ ቤቱን ለዘመድ በስጦታ ማስተላለፍ ወይም በመንደር ውል መሸጥም መፍትሔ አይሆንም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል፣ በታገደ ፋይል ላይ ደግሞ ስም አይዛወርም። ገዢውም ገንዘቡን ከፍሎ የሻጩን ዕዳ ታቅፎ ይቀራል። የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሻጩ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያስወጣ ይጠይቅ።

ዕዳው ተከፍሎ ወይም ክርክሩ በባለቤቱ አሸናፊነት ሲያበቃም አንድ ሥራ ይቀራል። ግብር ሰብሳቢው እግዱ እንዲነሣ የሚጽፈውን ደብዳቤ ባለቤቱ ራሱ ተከታትሎ ክፍለ ከተማው መዝገብ ቤት መግባቱን ያረጋግጥ፣ ቅጂው ላይ የተቀባዩን ማኅተም ያስመታ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተመልሶ ሄዶ እግዱ ከፋይሉ ላይ መሠረዙን በዓይኑ ይይ።